በነፃ የሚያገለግል ሰው ይጠየቃል ወይ?

የሚነበቡ ክፍሎች፦ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥16-24፤ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥16-17

የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ታሪኩን ስታነቡ ይገባችኋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ካኩማ፣ በእኛ ብሎክ አካባቢ አንድ የሐዘን ኮሚቴ ነበረን። አገር ቤት ዕድር እንደምንለው ነው፤ ግን ደንብ የተጻፈለት፣ መዝገብ የተከፈተለት አልነበረም። ሰው ሲሞት የሬሳ ሳጥን ይገዛል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ለለቀስተኛ ቡናና ንፍሮ ያቀርባል። በጠና የታመመ ሲኖርም ወደ ሎድዋር ለሚወስደው መኪና ይረዳል። እያንዳንዱ ቤት በወር 100 ሽልንግ ያዋጣል፤ ገንዘቡ የሚገባው በኤምፔሳ ወደ ገንዘብ ያዡ ስልክ ነው። ገንዘብ ያዡ በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም። ኢንሴንቲቭ እንኳ የላቸውም። በዚያ ፀሐይና በዚያ አቧራ ቤት ለቤት እየዞሩ "የዚህ ወር አልደረሰኝም፣ ልጆቼ" ይሉናል። እኛ ደግሞ አንዳንዴ በር ዘግተን የለንም እናስብላለን።

አንድ ቀን አንድ ወንድማችን አረፈ። ኮሚቴው ተሰብስቦ "ያለው አይበቃም፣ እንደገና እናዋጣ" አለ። እኔ ቤቴ ገብቼ አሰላሁ። ቤቱ ወደ 60፣ ወሩ 6፤ የወጣው ሁለት ቀብርና ትንሽ ትንሽ ወጪ። እንደ ሒሳቤ ቢያንስ 9,000 ሽልንግ መኖር ነበረበት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኩለ ሌሊት አልፎ ስልኬን አንሥቼ በዋትሳፕ ግሩፓችን የድምፅ መልእክት ላክኩ። "ገንዘባችን የት ነው የገባው? የሚበላው እየበላ እኛ ሬሳ አቅፈን እንለምን?" አልኩ። ስም አልጠራሁም። ገንዘብ ያዡ ግን አንድ ሰው ነበሩ፤ ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር።

ጧት ስነሣ ግሩፑ ጦፏል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ "የእነ እገሌ ወገን ስለሆኑ ነው" ብሎ ነገሩን ወደ ዘር ወስዶታል። ድምፄ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ተላልፎ ሪሴትልመንት አግኝተው ባሕር ማዶ የሄዱ ወገኖቻችን ድረስ ደርሷል። ጋሼ ግን ግሩፑ ውስጥ አልነበሩም። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ ዋትሳፕ አይሠራም። ወሬውን የሰሙት ውኃ ሊቀዱ ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ሳለ፣ ልጆች ድምፄን ከፍተው ሲሳሳቁበት ነው።

በማግስቱ መጡ። በላስቲክ የተጠቀለለ 2,350 ሽልንግ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "3,000 ለታማሚ መኪና ሰጥቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ቃል ገብቻለሁ" አሉ። የቀረውስ ሲባሉ "አላስታውስም" አሉ። ደብተር የለም። የስልካቸው ሚሞሪ ሲሞላ የኤምፔሳውን ሜሴጅ ያጠፉታል። መስመሩ የተመዘገበው ከእኛ በፊት ወደ ውጭ በሄደ ሰው ስም ስለነበር ስቴትመንት ማውጣትም አልተቻለም። ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሚቴ ውስጥ አልገቡም።

እስከ ዛሬ ገንዘቡ የት እንደገባ አላወቅንም። ምናልባት ያልከፈለው ቤት ከገመትኩት በላይ ነበር። ምናልባት ለሌላ ችግረኛ ሰጥተው ረስተውታል። ምናልባትም ቤታቸው ጠፍቶ እጃቸውን ሰድደውበታል። ጋሼ ጥፋተኛ ናቸው ማለት አልችልም፤ ንጹሕ ናቸው ማለትም አልችልም። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። መዝገብ የሌለበት ቦታ ሌባው ይሸሸጋል፤ ንጹሑም ንጽሕናውን የሚያሳይበት ነገር ያጣል።

ከዚያ በኋላ ለ7 ወር ገንዘብ ያዥ የሚሆን ጠፋ። የተለመነ ሁሉ "ማን ይሰደብ! ጎመን በጤና" ይላል። በዚያ መሀል ዘመድ የሌላቸው አንዲት እናት አረፉ። የተዘጋጀ ሳንቲም አልነበረም። እየዞርን ስንለምን፣ እየተጠባበቅን ስንከራከር፣ አስከሬናቸው በዚያ ሙቀት እስከ ሁለተኛው ቀን ዋለ። ያን ቀን ነው ድምፄ ምን እንደሠራ የገባኝ።

ለቅሶው ላይ የተቀመጡ አንዲት ሽማግሌ እናት ጠሩኝ። "ልጄ፣ መጠየቅህ ጥፋት አይደለም። እኔም ልጠይቅ አስቤ ነበር። ግን አንተ ለሁሉም ተናገርክ፤ ለእሳቸው ብቻ አልነገርክም" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

*አደራና ደመወዝ*

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በነፃ የሚያገለግል ሰው ይጠየቃል ወይ? በየኮሚቴው፣ በውኃውም፣ በመዘምራኑም፣ በወጣቱም፣ በብሎክ ስብሰባውም የምንሰማው መልስ አለ። "እኔ ሳንቲም አልተከፈለኝም፤ ጊዜዬን ነው የምሰጠው። የሚጠይቅ ካለ መጥቶ ይሥራው።" ይህን መልስ ዝም ብለን አንናቀው። እውነት አለበት። ሙያ ሳይኖረው፣ ሥልጠና ሳያገኝ፣ የራሱን ልጆች ትቶ የሚሮጥ ሰው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚተች ሰው ሲገጥመው ቢያመው አይፈረድበትም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

ግን አንድ ነገር እንይ። ጎረቤትሽ ሬሽን ለመቀበል ስትሄድ ልጇን ትታልሽ ሄደች እንበል። አልከፈለችሽም። ስትመለስ "ልጄ ምን በላ? ለምን አለቀሰ?" ብላ ብትጠይቅሽ "እኔ በነፃ ነው የጠበቅኩልሽ፣ አትጠይቂኝ" ትያታለሽ? አትያትም። ለምን? የምትጠየቂው ስለተከፈለሽ ሳይሆን ልጁ የእሷ ስለሆነ ነው። ሌላውንም ጎን እንይ። እሷስ ብትሆን ገና ከሩቅ ስትመጣ "ልጄን ምን አደረገችብኝ!" እያለች ሠፈሩን ብትጮህበት ደግ አደረገች ትባላለች? በሚቀጥለው ወር ልጇን ማን ይጠብቅላታል?

ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። መጠየቅ የሚመጣው ከደመወዝ ሳይሆን ከአደራ ነው። አባቶቻችን አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። ለደመወዝተኛ አለቃ አለው፣ ኮንትራት አለው፣ ቢያጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። የበጎ ፈቃድ አገልጋይ ግን ከአደራው ሌላ የሚይዘው የለም። ስለዚህ እንዲያውም የእሱ አደራ ይበልጥ መታየት አለበት። የሚጠይቀውም ሰው አደራ አለበት፤ የዚያ አገልጋይ ስም በእጁ ነው። ገንዘቡ የእኔ እንደነበረ ሁሉ የጋሼ ስም ደግሞ የጋሼ ነበር። እሳቸው የእኔን 100 ሽልንግ ይዘው ነበር፤ እኔ የእሳቸውን ስም ይዤ ነበር። እኔም የያዝኩትን በደንብ አልጠበቅኩም።

*ጳውሎስ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ አልተወውም*

ኮሚቴዎቻችን ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት አንድ መልስ አለ፤ "እግዚአብሔር ያውቃል" ይላሉ። ይህን ለማለት ከጳውሎስ የበለጠ መብት ያለው ማን ነበር? የቆሮንቶስ ሰዎች ደመወዝ አልከፈሉትም። በዚያ ከተማ ድንኳን እየሰፋ እንደኖረ የሐዋርያት ሥራ 18 ይነግረናል፤ ወንጌልን ያለ ክፍያ እንደሰበከላቸውም ራሱ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 ያነሣዋል። ያም ሆኖ ታማ። የዚያኑ መልእክት ምዕራፍ 12 ስናነብ "በዘዴ በልቶናል፣ በላካቸው ሰዎች በኩል ተጠቅሟል" የሚል ሐሜት እንደነበረ ይገባናል።

በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ቅዱሳን ከመቄዶንያና ከአካይያ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር። ጳውሎስ ምን አደረገ? ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም። ቲቶን ላከ፤ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን አንድ ወንድም ላከ፤ ብዙ ጊዜ የተፈተነ ሌላ ወንድምም ጨመረ። ምክንያቱንም አልደበቀም። በዚህ ትልቅ ስጦታ ምክንያት ነቀፋ እንዳይመጣ እየተጠነቀቀ እንደሆነ፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ማድረግ እንደሚፈልግ ጻፈ። በሌላ አነጋገር፣ እግዚአብሔር እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ግን ሰውም ማወቅ እንዳለበት ያውቃል።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሦስት ሰው የላከው ከመጠየቁ በኋላ ተገድዶ አይደለም። ገንዘቡ ገና ሳይንቀሳቀስ ነው። ሰው ከተጠረጠረ በኋላ የሚያሳየው ደብተር መከላከያ ይመስላል። ሳይጠየቅ የሚያሳየው ደብተር ግን የራሱ ጋሻ ነው። ጋሼ በየወሩ "ይኸው ገባ፣ ይኸው ወጣ" ብለው ቢያነቡልን ኖሮ የእኔ የሌሊት ድምፅ ማንንም አያናጋም ነበር። ይህን እንዲያደርጉ ግን ማን ጠየቃቸው? ደብተር ማን ገዛላቸው? አንድ ሰው ብቻውን ገንዘቡን ተቀባይም፣ ጠባቂም፣ ከፋይም ሲሆን ዝም ያልነው እኛ ነን። አንድን ሰው ብቻውን ከፈተና ጋር አስቀምጦ፣ ሲወድቅ ወይም የወደቀ ሲመስል መጮህ ፍቅር አይደለም።

*በድንኳን የኖረ ሕዝብ ሒሳብ*

እንደ እኛ በድንኳን የኖረ፣ የዕለት ምግቡን ከሌላ እጅ የጠበቀ ሕዝብ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። እስራኤል በምድረ በዳ ጧት ጧት መና ይለቅም ነበር። ያ ሕዝብ ነው ለማደሪያው ድንኳን ወርቅና ብር ያዋጣው። ኦሪት ዘጸአት 38 ላይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ብዙዎቻችን የምንዘለው ክፍል አለ። በሙሴ ትእዛዝ፣ በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር እጅ ሒሳቡ ተቈጠረ። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል። ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል።

ብሩ የመጣው ከእያንዳንዱ ወንድ ግማሽ ሰቅል ሆኖ ነው፤ የተቈጠሩት 603,550 ነበሩ። አሁን ወረቀት ያዙና አስሉት። ግማሽ ግማሽ ሰቅል ሲደመር 301,775 ሰቅል ይሆናል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ነው። 100 መክሊት ስናወጣ የሚቀረው 1,775 ነው። ይገጥማል! የት እንደዋለም ተጽፏል፤ 100ው መክሊት ለ100 እግሮች፣ አንዱ እግር አንድ መክሊት፤ ያ ትርፍራፊ የሚመስለው 1,775 ሰቅል ደግሞ ለምሰሶዎቹ ኩላብና ለመሰል ነገር። ስለ ኩላብ እንኳ ሳይቀር ለሕዝቡ ተነገረው።

ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረው ሙሴ ሒሳብ አቅርቧል። ማን ሊጠረጥረው ይችል ነበር? ነገሩ ግን የጥርጣሬ አልነበረም። ባለጠጋውም ድሃውም የሰጠው እኩል ግማሽ ሰቅል ነው፤ በምዕራፍ 30 ባለጠጋ እንዳይጨምር፣ ድሃም እንዳይቀንስ ታዝዟል። እኩል የሰጠ እኩል የመስማት መብት አለው። የእኛም 100 ሽልንግ እንደዚያ ነበረች። ሱቅ ላለው ሰው ምንም ላትመስል ትችላለች፤ ከሬሽኗ ላይ ዘይት ሸጣ ለምታዋጣ እናት ግን ሌላ ነገር ናት። ደብተሩ የሚነበበው በተለይ ለእሷ ነው።

አንድ ወንድም አንድ ጊዜ "በመጽሐፍ ቅዱስ እኮ ሠራተኞቹን ሒሳብ አልጠየቋቸውም" ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፤ 2ኛ ነገሥት 12 ላይ በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱን ያደሱት ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር አልተቈጣጠሯቸውም ይላል። ግን ከፍ ብለን እናንብበው። መጀመሪያ ገንዘቡ እየገባ ዓመታት ሲያልፉ እድሳቱ አልተሠራም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን የበሳው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን ሁለት ሆነው ይቈጥሩ ነበር። መተማመኑ የመጣው ሥርዓቱ ከተሠራ በኋላ ነው። እኛ ሣጥኑንም፣ ሁለቱን ቈጣሪዎችም ትተን መተማመኑን ብቻ ነው የወሰድነው።

*እንዴት እንጠይቅ?*

ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ላይ ሁለት ትእዛዛት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁጥር 16 በሕዝብ መካከል ወሬ ይዞ መዞርን ይከለክላል። ቁጥር 17 ደግሞ ወንድምን በልብ ጠልቶ ዝም ማለትን ይከለክላልና ገሥጸው ይላል። እኛ ከእነዚህ አንዱን ስንሸሽ ሌላው ውስጥ እንወድቃለን። ሐሜትን ፈርተን "ሆድ ይፍጀው" እንላለን፤ ሆዳችን ውስጥ ሲፈላ ይቆይና አንድ ሌሊት በድምፅ መልእክት ይፈነዳል። መንገዱ በሁለቱ መሀል ነው፤ መናገር፣ ግን ለሰውየው መናገር።

ጥያቄና ክስ ይለያያሉ። ጥያቄ ለመልስ ቦታ ይተዋል። እኔ በዚያ ሌሊት "የት ገባ?" ብዬ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር፤ "የሚበላው እየበላ" ስል ግን ፈርጄ ጨርሻለሁ። ከዚህ ይልቅ ጧት ቤታቸው ሄጄ "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ሒሳቡን ሳሰላ አልገጥምልህ አለኝ፤ አብረን እንየው?" ማለት እችል ነበር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ሽማግሌን እንደ አባት አድርገህ ምከር የሚል ሐሳብ አለ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አትቀበል ይላል። አክብሮቱ እንዳንጠይቅ አያደርገንም፤ ከመፍረዳችን በፊት እንድናጣራ ያደርገናል እንጂ።

ወገን መቁጠርም አለ። የሐዋርያት ሥራ 6ን አስቡት። በየቀኑ በሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ፤ ማጉረምረም ተነሣ። ቋንቋ ከቋንቋ ሊጋጭ ነበር። ሐዋርያቱ "እናንተ ውለታ ቢሶች" አላሉም። "ጉዳዩን ያስነሣው ማነው?" ብለውም አልመረመሩም። ሕዝቡን ሁሉ ጠሩ፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን 7 ሰዎች ራሳችሁ ምረጡ አሉ። የተመረጡት፣ ከእስጢፋኖስና ከፊልጶስ ጀምሮ እስከ አንጾኪያው ኒቆላዎስ ድረስ፣ ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ የነበረው ወገን ራሱ በማዕዱ ላይ ሲቆም ይታያል። ያጉረመረመ ሰው የተሰጠው መልስ "ዝም በል" ሳይሆን "ና፣ አብረህ ተሸከም" የሚል ነበር። ከሚተች ሰው የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ከመጠየቄ በፊት "እኔስ ለመያዝ ዝግጁ ነኝ?" ማለት አለብኝ።

*ቢጠየቅም እምቢ ቢልስ?*

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "አንተ ስለ ደግ ሰው ትጽፋለህ፤ የእኛ ኮሚቴ ግን ስንጠይቀው ያስፈራራናል" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። አክብሮት ለአጥፊ መሸሸጊያ መሆን የለበትም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት በዋዛ ሲነገር እንስቃለን፤ ግን ስንቱን ሌባ አጽናንቷል! ጌታ በማቴዎስ 18 ያሳየን መንገድ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብቻ ለብቻ። ካልሰማ አንድ ሁለት ሰው ይዞ። ከዚያም ካልሰማ ለጉባኤው። ጉባኤው የመጨረሻ ነው እንጂ የተከለከለ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ደብተሩን የማያሳይ ኮሚቴ በሕዝብ ፊት ቢጠየቅ ስም ማጥፋት አይደለም። ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ በሁሉ ፊት ተቃውሞታል፤ ጥፋቱ በሁሉ ፊት ስለነበረ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በሴት ወይም በልጅ ላይ የሚደርስ በደል፣ ወይም "ስምህን ሊስት ውስጥ አስገባልሃለሁ" እያሉ ከስደተኛ ጉቦ መቀበል፣ የኮሚቴ ሒሳብ አይደለም። ይህ በሽማግሌ አይሸፈንም፤ ወደሚመለከተው አካል መሄድ አለበት። የኮሚቴውን ስም እንጠብቅ ተብሎ የተበደለ ሰው አይሠዋም።

ጋሼ ስሙን ያልነገሩን ታማሚስ? እሳቸው ቃላቸውን መጠበቃቸው መልካም ነበር። ሰው በችግሩ መታወቅ የለበትም። ግን ይህም መፍትሔ አለው። በደብተሩ ላይ "ለታማሚ መኪና 3,000" ተብሎ ያለ ስም ይጻፋል፤ ስሙን ከገንዘብ ያዡ ሌላ አንድ የኮሚቴ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ምስጢሩም ይጠበቃል፣ አገልጋዩም ብቻውን አይቀርም።

*ዛሬ*

ከ7 ወር በኋላ ኮሚቴው እንደገና ሲቋቋም ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። የጮኸ ይሸከም ተባለ፤ ትክክል ነው። አሁን ገንዘቡን አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ያያል። ሜሴጁ ከመጥፋቱ በፊት ቁጥሩ ደብተር ላይ ይገለበጣል። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይነበባል፤ ያላነበበ እንዲያይም የደብተሩ ፎቶ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ ያዡ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ተጠርጥሮ ሳይሆን እንዲያርፍ ነው።

ባለፈው ጊዜ ሒሳብ ካነበብኩ በኋላ አንዲት ወጣት እህት ወደ ጎን ጠርታ "ወንድሜ፣ 100 ሽልንግ ያልገጠመ መሰለኝ፤ ደብተሩን አብረን ብናየው?" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፊቴ ጋለ። "ይሄን ሁሉ ለፍቼ!" አልኩ በልቤ። ተቀምጠን ስናየው አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ። አስተካከልነው። አመሰገንኳት፤ ሙቀቱ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። በትሕትና ሲጠየቁ እንኳ እንዲህ የሚያም ከሆነ፣ ውኃ ሰልፍ ላይ የራሳቸውን ውርደት የሰሙት ጋሼ ምን ያህል ታመው ይሆን?

ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። "እግዜር ይቅር ይበልህ" ብለው ቡና አፈሉልኝ። ስለ ገንዘቡ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ስመለስ የእኚያ እናት ቃል ትዝ አለኝ። ለእሳቸው ብቻ ሹክ ብዬ፣ ለሁሉም የተናገርኩትን ልተወው ነው? ያን ምሽት በዚያው ግሩፕ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳላጣራ መናገሬን ገልጬ ይቅርታ ጠየቅኩ። የሰማው ጥቂት ነው። ስድቡን እየተቀባበለ ያስተላለፈው ሁሉ ይቅርታውን አላስተላለፈም። ባለዕዳ ነኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ይህች ጽሑፍም የዕዳዬ ትንሽ ክፍያ ትሁንልኝ።

*በቤት ኅብረት ለመወያየት*

1. በያዝነው አገልግሎት ሳንጠየቅ የምናሳየው ደብተር አለን? ከሌለን ምን ይከለክለናል?

2. ልንጠይቀው እየፈለግን ለሌላ ሰው ብቻ የነገርነው ጉዳይ አለ? በዚህ ሳምንት ማንን ሄደን እናናግር?

3. በእኛ አካባቢ ብቻውን አደራ የተሸከመ አገልጋይ ማነው? ማን ይደግፈው?

*ጸሎት*

ጌታ ሆይ፣ በእጃችን ያለው ሁሉ የአንተና የወንድሞቻችን ነው። አደራ የያዝነውን እጃችንን ክፈትልን፤ የምንጠይቀውን አፋችንን ጠብቅልን። ያለ ዋጋ የሚደክሙልንን አበርታልን። ስማቸው በእኛ ምላስ የተጎዳውን ካስልን፤ እኛንም ይቅር በለን። አሜን።